ከስኳር ደብተሩ ጀርባ

ሰኞ 3

ይህ ደብተር የኔ አይደለም፤ የስኳሬ ነው። ያመጣችው ልጄ ናት። "አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ጣትህን ትወጋለህ፤ ማሽኑ የሚልህን ቁጥር እዚህ ትጽፋለህ" ብላ መስመሩን ራሷ በማስመሪያ አስምራ ሰጠችኝ። ቀን፣ ቁጥር፣ ፊርማ ይላል። ፊርማው ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ስኳሩ ኋላ እንዳይክድ ይሆናል።

እኔ ደግሞ ገልብጬ ከጀርባ ጀመርኩ። የፊቱ ለሷ፣ የጀርባው ለኔ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ሚስቴ ናት በሥራ ወረቀቶቼ ጀርባ ላይ ያስተማረችኝ። "ይሄ የጻፍከው ፊደል ነው ወይስ የቧንቧ መፍቻ?" ትለኝ ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመት አለፋት። የምጽፈው እጄ እንዳይረሳ ነው እንጂ የማወራው ሰው አጥቼ አይደለም።

ሥራዬ ቧንቧ ነበር፤ አርባ አንድ ዓመት። በዚህ ከተማ ትልቅ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያየኝ ቀድሞ ሰላም ይላል። መጸዳጃ ቤቱን ስለማውቀው ነው።

ልጄ ነርስ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ። በቅርቡ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ጨርሳ "ስፔሻሊስት ነርስ" ሆናለች። የምን ስፔሻሊስት? የቁስል። በቁስል ዲግሪ ይሰጣል ብሎ ድሮ የነገረኝ ቢኖር ጠጥተሃል እለው ነበር።

ዛሬ ደብዳቤ አሳየችኝ። በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ከተማ ያለ ሆስፒታል "የቁስል ክሊኒክ ክፈቺልን፣ ራስሽ ምሪው" ብሏታል። ፈርማ የምትልከው እስከ ዓርብ 28 ነው።

"እና ምን ትላለህ?" አለችኝ።

"ምን እላለሁ፤ ሂጂ።"

ሻዬ ላይ ሁለተኛውን ማንኪያ ስኳር ልጨምር ስል እጄን ቀጨም አደረገችው። ወሬው በዚያው ተቀየረ።

ማክሰኞ 4

ማሽኑን ከካርቶኑ አወጣሁት። መርፌዋ ትንሽ ናት። ዕድሜ ልኩን ብረት ሲቆርጥ የኖረ ሰው መርፌ ፈራ የሚል ካለ ይበል። አልፈራሁም፤ ጊዜ አልነበረኝም። 118 ብዬ ጻፍኩ። ከ130 በታች ጥሩ ነው ብላለች፤ 118 ደግሞ ሲያዩት ደስ ይላል። ፈረምኩ።

ረቡዕ 5

117።

ሐሙስ 6

119። በየቀኑ አንድ ዓይነት እንዳይሆን ከፍ ዝቅ አደርገዋለሁ። ሞኝ አይደለሁም።

ጎረቤቴ ሾፌሩ መጣ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አሁንም ወንበር ላይ ሲቀመጥ በእግሩ ፍሬን ይፈልጋል።

"ልጅህ ነርስነቱን አልተወችም?" አለኝ።

"ስፔሻሊስት ሆናለች።"

"ዶክተር ሆነች በለኛ!"

"አልሆነችም።"

"ታዲያ ሁለት ዲግሪ ተሸክማ ዛሬም ሲስተር ነው የሚሏት? ሁለት መንጃ ፈቃድ ይዞ ረዳት መሆን እኮ ነው ይሄ።"

ነገሩን እኔም ሳስበው ነበር። ከሱ አፍ ሲወጣ ግን አናደደኝ። እሱ ቀጠለ፤ የእህቱ ልጅ የሕክምና ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው፣ ቁስል የሚያውቁ ነርሶችን ያስሳሉ፣ መኪና ይሰጣሉ።

"ፋሻ ለመሸጥ መኪና ምን ያደርጋል?"

"ለፋሻው መሰለህ? ለሰውየው ግርማ ነው" አለኝ።

ለግርማ ነው አለኝ! ራሱ ዕድሜ ልኩን የነዳው መኪና ስንት ግርማ እንደሰጠው አይቻለሁ።

እሁድ 9

እሁድ የልጄ ቀን ነው። ከተረኛነቷ ወጥታ ቀጥታ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፣ ከዚያ ቤቱን ታዛለች።

ዛሬ ካልሲዬን አስወልቃ እግሬን ሥሩን በአንዲት የናይሎን ክር ጠቅ ጠቅ ታደርገኝ ጀመር። ዓይንህን ጨፍን አለችኝ።

"ይሰማሃል?"

"አዎ።"

"አሁንስ?"

"አዎ።"

"አሁንስ?"

"አዎ አልኩሽ እኮ!"

"አባዬ፣ አሁን አልነካሁህም።"

ማታለል ነው ይሄ። አባት እንዲህ አይፈተንም። እግርህ መስማት ቀንሷል፣ ስኳሩ ነው፣ ጫማ ከማድረግህ በፊት ውስጡን በእጅህ ዳስስ፣ ማታ ማታ እግርህን ሥሩን ተመልከት አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ለማለት አይከፈልበትም።

ከዚያ የሥራውን ነገር አነሳሁባት። በጣቶቿ ቆጠረችልኝ። አንደኛ፣ የነርሶች ኃላፊዋ ሜትሮን ጡረታ ልትወጣ ስለሆነ ወንበሩ ለሷ ነው፤ "ማን በየትኛው ተረኛነት ይግባ እያልኩ ወረቀት ሳስምር እውላለሁ፤ በሽተኛ የማየው በመስኮት ነው" አለች። ሁለተኛ፣ ኮሌጅ ገብቶ ነርስ ማስተማር። ሦስተኛ፣ የሾፌሩ ድርጅት፤ ለካ እነሱም ደውለውላታል። አራተኛው ያ ክሊኒክ ነው። አራተኛው ጣት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተለወጠ።

"ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ለምን ዶክተር አትሆኚም?"

"አንተ ለምን መሐንዲስ አልሆንክም?"

"መሐንዲስ እጁን አያቆሽሽማ! ወረቀት ላይ አስምሮ ይሄዳል፤ ሲፈስ የሚጠሩት እኔን ነው።"

"በቃ፣ ይኸው ነው" አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ዶክተሩ እግር ይቆርጣል፤ የኔ ሥራ እንዳይቆረጥ ማድረግ ነው። ከዚያ ከተማ የሚመጡልን ሰዎች እግራቸው ከሞተ በኋላ ነው የሚደርሱት። እዚያው የሚያይላቸው አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ግማሾቹ በእግራቸው ይሄዱ ነበር" አለች።

ጥሩ ተናገረች። አልነገርኳትም። ልጅ ሲመሰገን ይቀብጣል። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቢሆንም።

ማክሰኞ 11

118።

ሾፌሩ ቤት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ስሠራ ዋልኩ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ አንዲት የናስ ቀለበት ጠብ አለች፤ ከመሣሪያ ሣጥኔ የወደቀች ናት። ከመቼ ጀምሮ እንደምረግጣት እንጃ፤ ምናልባት ከትናንት። እግሬ ሥር ትንሿ ጣቴ አጠገብ ልክ እንደ ማኅተም ክብ ሠርታ ገብታለች። ደም አለው። አያምም።

የማያም ነገር በሽታ አይደለም። ጥጥ አደረግኩበትና በነጩ የቧንቧ ቴፕ አሥራ ሁለት ዙር ጠመጠምኩት። አርባ አንድ ዓመት በዚህ ቴፕ ያሰርኩት አንድም አልፈሰሰብኝም።

ሐሙስ 13

117። ካልሲዬ ረጥቧል። ስድስት ዙር ጨመርኩ።

ዓርብ 14

ዛሬ ሙሉ ልብስ ለበስኩ። ሚስቴን የቀበርኩበት ነው፤ ወገቡ ሰፍቶኛል።

ሆስፒታል ሄድኩ። ለልጄ አልነገርኳትም። ሐሳቤ ሜትሮኗን አነጋግሬ ወንበሩን ለልጄ ቶሎ እንዲያጸድቁላት ነበር። ለክብሯ ብዬ ነው። እዚህ ብትቀመጥ እዚያ ብትሄድ ለኔ ምን ልዩነት አለው?

ቢሮው በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ሁለት ነርሶች አጠገቤ ቆመው ያወራሉ። እኔን አላወቁኝም፤ ሽማግሌ ሁሉ ለነርስ አንድ መልክ ነው።

"እምቢ ልትል ነው አሉ።"

"ያን ክሊኒክ? ሁለት ዓመት እሱን እያለች አይደል እንዴ የተማረችው?"

"አባትየው አሉ። ብቻውን ነው። ደረቅ ሰው ነው ይላሉ፤ መድኃኒቱን እንኳ ተለምኖ ነው የሚውጠው። ለማን ትጣለው?"

"እኛም የሽማግሌ ዕዳ አለብን፣ የኛ ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ ነው የሚያስቸግረው" ብላ ሳቀች፤ ሄዱ።

ሜትሮኗ አስገባችኝ። "አባባ ይቀመጡ" አለች። ጨዋ ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን አንዴ ጫማዬ ላይ ከዋለ አልተነሳም። ስለ ወንበሩ ጠየቅኳት።

"ወንበሩን ባለፈው ሳምንት ሰጥቻት እምቢ አለች። ያኛውንም ትተወዋለች መሰለኝ።"

"ለምን?"

"ምክንያቱን አልነገረችኝም" አለችና "እርስዎ ያነክሳሉ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ጫማው አዲስ ነው" አልኳት። ጫማው የዘጠኝ ዓመት ነው።

ቤት እስክደርስ ድረስ ብቻዬን ስናገር መጣሁ። እኔ ዕዳ? እኔ! ተለምኖ ነው የሚውጠው? ማን ለምኖኝ ነው! መድኃኒቱን እውጣለሁ፤ ስረሳ ነው የማልውጠው። ዛሬም ረስቻለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ጤነኛ ነኝ። በዓይኗ አይታ እንድትሄድ አደርጋታለሁ።

ቅዳሜ 15

116። መሰላሉን አወረድኩ። ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር አልተበላሸም፤ ነገ ግን ይበላሻል።

እሁድ 16

ልጄ ስትመጣ ጣሪያ ላይ ነበርኩ፤ መፍቻ በእጄ፣ እያፏጨሁ።

"አባዬ! ውረድ! በእግዚአብሔር ውረድ!"

"ምን ሆንሽ? ጎረምሳ እኮ ነኝ" አልኳት ከላይ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ሾፌሩ ከታች "ማርሽ ቀንስ!" ይለኛል።

ወረድኩ። ውሃ ጠጣች። ከዚያ ደብተሩን አምጣ አለች። ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከትላ አየች። ማሽኑንም ከፍታ ቁልፉን ጠቅ ጠቅ አድርጋ አየችው፤ ዘጋችው። "በጣም ጥሩ ነው" አለች። ድምፅዋ ግን ጥሩ ነገር እንዳየ ሰው አልነበረም። ደክሟት ይሆናል።

"እግርህስ?"

"እግሬ እግር ነው።"

ጫማህን አውልቅ ልትል አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ፤ ሆስፒታሉ ነው፣ ሰው ጎድሏል፣ ድረሺ አሏት። ሄደች። ስልክ የፈጠረውን ሰው ዛሬ አመሰገንኩት።

አታልያታለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ረቡዕ 19

118። ቤቴ ውስጥ አይጥ ሞቷል። ሽታው ከትናንት ጀምሮ ነው። ቁም ሣጥኑን ብቻዬን ሳብኩት፣ ከኋላው የለም። ምድጃው ሥር የለም። የመታጠቢያውን ፍሳሽ ፈትቼ አጠብኩ፤ ያ ደግሞ ከኔ ይልቅ ንጹሕ ነው። አልጋዬ አካባቢ ይብሳል።

ሐሙስ 20

ሾፌሩ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አልገባም።

"አይጥ ሞቶብኛል" አልኩት።

አፍንጫውን ይዞ ጠጋ አለኝ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ። "አንተ ሰውዬ፣ አይጡ ጫማህ ውስጥ ነው" አለኝ።

ዓርብ 21

ብርድ ብርድ ይለኛል። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቀልቷል። ሁለት ብርድ ልብስ ደረብኩ።

ሾፌሩ ልደውልላት ብሎ ስልኩን አወጣ። እጁን ያዝኩት።

"አትደውልም። እስከ ሃያ ስምንት ድረስ አትደውልም። ይህን እግር ካየች አትፈርምም። ትፈርም፣ ከዚያ የፈለገችውን ትይ።"

"ሳምንት ሙሉ? እግርህን ልታስቆርጥ ነው?"

"እግሩ የኔ ነው።"

"ልጅቷስ?"

"ልጅቷ ዕዳ አትሸከምም። ማል!"

በጤናዬ አስማልኩት። እየተሳደበ ማለ።

እሁድ 23

እንዳትመጣ ደወልኩላት። ሠርግ ተጠርቻለሁ አልኳት። የማን ሠርግ አለችኝ፤ ስም አጣሁ።

"አባዬ፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?"

ተናደድኩ። "ለምን አትተይኝም? በየእሁዱ እየመጣሽ እንደ ሕፃን የምታገላብጪኝ በቃኝ! ሥራሽን ይዘሽ ሂጂልኝ!" ብዬ ዘጋሁት።

ተሳክቷል መሰለኝ። ስልኩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። እናቷ ብትሰማ ኖሮ በመጥበሻ ትለኝ ነበር።

ሰኞ 24

ቁጥር አልጻፍኩም። መስመሩ ይወዛወዛል

ረቡዕ 26

ሆስፒታል ነኝ። መስኮት አጠገብ ያለ አልጋ ሰጥተውኛል። ደብተሩን ሾፌሩ አመጣልኝ፤ "ኑዛዜህን ጨርስ" ብሎ። የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሰኞ ከሰዓት ሾፌሩ መሐላውን አፈረሰ። "የማልኩት በጤናህ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም፤ በሌለ ነገር የማለ ሰው አይያዝም" አለኝ ኋላ። ልጄ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሮጣ ገባች። ጫማዬን ራሷ አወለቀች። እምቢ ልል ፈለግኩ፤ ጉልበቱ አልነበረኝም።

"ይሄ ምንድነው?" አለች።

"ቴፕ።"

"የምን ቴፕ?"

"የቧንቧ። ርካሹ አይደለም፣ ጥሩው ነው።"

ሳቀች። እውነት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተቀይሮ ማልቀስ ሆነ፤ እጇ ግን አላቆመም። በመቀስ ቆርጣ ስትገልጠው የወጣውን አልጽፈውም። ብዙ ሰው ቤት ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ የራሴን ግን ዞር አልኩ።

"አባዬ፣ ልጅ ሆኜ መሣሪያ ስይዝልህ ምን ነበር የምትለኝ? የሚፈስበትን ከመድፈንሽ በፊት ከየት እንደሚመጣ ጠይቂ፤ ዝም ብለሽ ከደፈንሽው ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። ይህን ያለኝ ማነው?"

"እኔ።"

"ታዲያ?"

"ቧንቧ መስሎኝ ነበር" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

ያን ጊዜ ጣቴን ይዛ ወጋችው። 341 አለ። ደብተሩ ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ የመጀመሪያው እውነተኛ እሱ ነው። "ማሽኑ የለካውን ያስታውሳል፤ ጣሪያ ላይ የነበርክ ዕለት ስከፍተው ባዶ ነበር" አለች። "ደግሞ አባዬ፣ 118፣ 117፣ 119... የሰው ደም እንዲህ አይቆምም። ይሄ የውሃ ግፊት መለኪያ ነው።" ለካ አውቃ ነው የሄደችው። ካፈርኩ ይብሳል ብላ፣ በማግሥቱ በዘዴ ልትጠይቀኝ አስባ፣ ሥራ በሥራ ላይ ተደረበባት። አሁን "ጫማህን ያን ቀን ማስወለቅ ነበረብኝ" እያለች ራሷን ትረግማለች። አላወልቅም ነበር ብላት አትሰማም። ግትር ናት። ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

ትናንት ረጅሙ ዶክተር መጣ። የሚቆርጠው እሱ ነው። የእግሬን ራጅ ወደ ብርሃን አንስቶ አየ፣ እግሬን አየ፣ ከዚያ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ቁርጭምጭሚቴ ላይ መስመር አሰመረ። እኔም ቧንቧ ስቆርጥ እንዲሁ ነው የማደርገው፤ በእርሳስ ነበር እንጂ። ፈርቼ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት።

ልጄ አልጋው ማዶ ቆማ ነበር። "ዶክተር፣ ደሙ እስከ አውራ ጣቱ ይደርሳል፣ ለክቼዋለሁ። ትንሿ ጣት ሞታለች፤ እሷን አንሱ። ሌላው ይድናል። መግሉ በደንብ ይፍሰስ፣ ስኳሩ ይውረድ፣ ቁስሉን እኔ ልያዘው። አሥር ቀን ስጠኝ።"

አሁን ይቆጣታል ብዬ ጠበቅኩ። ዶክተሩ እስክሪብቶውን ዘጋና "ሲስተር፣ ይህን ካንቺ በላይ የሚያውቅ እዚህ ቤት የለም። አሥር ግን አልሰጥሽም፤ አምስት" አላት።

"ሰባት።"

"አምስት። ትኩሳቱ ከተነሳ ያን ዕለት እቆርጣለሁ።"

እግሬን መሀል አድርገው ተከራከሩበት፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ቢሆንም የነበርኩበት ቦታ ጥሩ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ መሐንዲስ አንድ ቀን "አንተ ምን ትላለህ?" ብሎኝ አያውቅም። ልጄን ዶክተር ይጠይቃታል።

ትንሿን ጣቴን ከሰዓት በኋላ ወሰዷት። አልሰማኋትም። ያሳዝናል፤ ሰባ አንድ ዓመት አብረን ነበርን።

ሐሙስ 27

ትኩሳት የለም። 228። እውነት ነው፤ ነርሷ ናት የወጋችኝ።

አጠገቤ ያለው በሽተኛ "ልጅዎ ናት? ታድለው" አለኝ። "ነርስ ናት" አልኩት። ከዚያ ደግሞ "ስፔሻሊስት" አልኩት። ሳልጠየቅ የቀረውንም ነገርኩት፤ አንቀላፋብኝ።

ደብዳቤው ቦርሳዋ ውስጥ ተጣጥፎ አየሁት። አልተፈረመም። ነገ 28 ነው።

ዓርብ 28

በጠዋት የቁስል ዕቃዋን በጋሪ እየገፋች መጣች። ብርድ ልብሱን ልትገልጥ ስትል እግሬን ወደ ውስጥ ሰበሰብኩት።

"አባዬ፣ እግርህን።"

"ፈረምሽ?"

"ምኑን?"

"ደብዳቤውን። ካልፈረምሽ እግር የለም።"

"አባዬ፣ ቀልድ አይደለም፤ ሰዓቱ ካለፈ ይመግላል።"

"እንግዲያው ቶሎ ፈርሚ።"

ጮኸችብኝ። እኔም ጮህኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለ በሽተኛ ሁሉ ቀና አለ፤ አንቀላፍቶብኝ የነበረው እንኳ። ጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ቆመች።

"አንተን ለማን ትቼ ነው የምሄደው? ሁለት ሳምንት እግርህ እየበሰበሰ አይጥ ስትፈልግ የነበርክ ሰው!"

"ሁለት ሳምንት የደበቅኩት ለምን ይመስልሻል? አንቺ እንድትሄጂ ነው! አሁን ከቀረሽ ጣቴ በከንቱ ሞተች!"

እንዲህ ልነግራት አላሰብኩም ነበር፤ አመለጠኝ። ጋሪው ላይ ያለውን ፋሻ እንደገና ደረደረች፤ እናቷም ስትከፋ ዕቃ ትደረድር ነበር።

"ሜትሮኗ ነግራኛለች፤ በሙሉ ልብስ መጥተህ ወንበሩን ለመንክልኝ አሉ" አለች ቀስ ብላ። "እንድቀር ነበር አይደል የፈለግከው?"

"ለክብርሽ ነው።"

"አባዬ።"

"...ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ" አልኳት።

ሾፌሩ ይህን ጊዜ በሩ ላይ ነበር፤ ዳቦ ይዞ መጥቶ። "እኔ አየዋለሁ" አለ። ሁላችንም ዞርን። "በየጠዋቱ እግሩን አየዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ከመነሳቴ በፊት ጎማ ሳላይ ወጥቼ አላውቅም። እምቢ ካለ እላዩ ላይ እቀመጥበታለሁ።"

ልጄ አየችው፤ አየችኝ። ከዚያ የምንዋዋለውን ተናገረች። ጣቴን በየቀኑ እወጋለሁ። ማሽኑ ያለውን እጽፋለሁ፣ ማሽኑ ያላለውን አልጽፍም። ጫማ በእጅ ሳይዳሰስ እግር አይገባበትም። ጣሪያ አይወጣም። የማየውን ሁሉ ለሷ እነግራታለሁ፤ የሚያመኝንም የማያመኝንም።

"የማያመኝን ለምን?"

"በተለይ የማያምህን።"

"እሺ" አልኩ። ይህ እሺ የድሮው ዓይነት አይደለም።

ወረቀቱን አወጣች። የምትደገፍበት አጥታ ዞር ዞር ስትል ይህን ደብተር አቀበልኳት። ደብተሩ ላይ አድርጋ ፈረመች። እጇ እንደኔ ከባድ ነው፤ ተጭና ነው የምትጽፈው። የፊርማዋ ጉድጓድ ከታች ያለው ባዶ ገጽ ላይ ቀርቷል፤ አሁን በጣቴ ሳስኬድበት ይታወቀኛል። እዚያ ገጽ ላይ አልጽፍም።

"ከኋላ ምንድነው የምትጽፈው?" አለችኝ ስትመልስልኝ።

"የድሮ ሥራ" ብዬ ነጠቅኳት። እግሬንም ሰጠኋት።

እሁድ 30

ረጅሙ ዶክተር መጥቶ አየ። ያሰመረውን መስመር ራሱ በአልኮል ጠረገው። "አባባ፣ ልጅዎን ይመርቁ" አለኝ። "እሷን ሌላ ቦታ ወስደውብሃል፤ አንተ ተጠንቀቅ" አልኩት።

ቅዳሜ፣ የሚቀጥለው ወር 13

ልጄ ሄደች። ሻንጣዋን ሾፌሩ አውቶቡሱ ውስጥ ጫነላት፤ የአውቶቡሱን ነጂ ደግሞ ጎማህ አልተነፋም ብሎ ተጣላው። እኔ በክራንች ቆሜ ነበር። ከመሳፈሯ በፊት እመሬት ቁጭ ብላ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጫማዬን አውልቃ ውስጡን ዳሰሰችው። አሳፈረችኝ። ሳትነሳ ቆየች።

186።

እሁድ 14

የሚጻፍ ነገር የለም። 179።

ማክሰኞ 23

የሾፌሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ጡረታ የወጣ ቀን ከአውቶቡሱ ነቅሎ የወሰደው ስፖኪዮ አለ። እሱን ወለሉ ላይ አጋድሞ እግሬን ከላይ ያስይዘኛል፤ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ እግሬን ሥሩን ያያል። ሲጨርስ "ከኋላ ነፃ ነው፤ ቀጥል" ይለኛል። ዛሬ "ተረከዝህ ላይ ቀይ ነገር አለ" ብሎ ለልጄ ደወለ። ቀለም ነው፤ በር ስቀባ ነበር። እሷ ግን በስልኳ ካላየሁት አላምንም ስላለች ፎቶ አንሥተን ላክንላት።

165።

እሁድ 28

ደወለች። ክሊኒኩ ተከፍቷል። ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ቧንቧው ያፈሳል፣ ዋናውን መዝጊያ የት እንደሚያገኙት እኔ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። የመጀመሪያ በሽተኛዋ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነው። ቁስሉን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅልሎ መጣ።

"ምን አልሽው?"

"ያንተን ነገርኩት። የቴፑን። እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ከዚያ እግሩን ሰጠኝ።"

ስሜ ሩቅ አገር ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው። እግሩም አይቆረጥም አለች። ይህን ስትናገር ያ የአራተኛው ጣት ድምፅዋ ነው። በደንብ ሰማሁት።

"ቆንጆ ሥራ ነው" አልኳት። ትቅበጥ ከፈለገች።

"በል አባዬ፣ በውላችን መሠረት። የሚያምህ ነገር አለ?"

ድሮ ቢሆን የለም እል ነበር።

"አለ" አልኳት።

"የት ነው?" ድንግጥ አለች።

"እሁድ እሁድ።"

ከመስመሩ ማዶ የአንድ በር መዘጋት ተሰማ፣ ከዚያ የሷ ትንፋሽ ብቻ። ኋላ "ቁጥሩን ንገረኝ" አለች።

"142።"

"እውነት?"

"ማሽኑን ጠይቂው" አልኳት።